ብርዝና በሶ

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ስለ አንድ ምግብና ስለ አንድ መጠጥ እነግራችኋለሁ። ሁለቱንም ያወቅኋቸው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በጎጃም ደጋ፥ በጮቄ ተራራ ግርጌ፥ በአባቴ እርሻ ሳድግ ከእናቴ እጅ ነው።

በሶ የሚሠራው ከገብስ ነው። እናቴ ገብሱን በምጣድ ትቆላዋለች፥ በሙቀጫ ትፈትገዋለች፥ ገለባውንም በሰፌድ ታበጥረዋለች። ደግማም ታምሰውና በወፍጮ ትፈጨዋለች፥ በወንፊትም ትነፋዋለች። በምትቆላበት ጊዜ ሽታው እስከ አውድማው ድረስ ይደርስ ስለ ነበር፥ እኛ ልጆች በሬዎቹን ማበራየት ትተን ወደ ቤት እንሮጥ ነበር። ዱቄቱ በውሃና በጥቂት ጨው ተለውሶ በእጅ ይጨበጣል። በቅቤ የታሸ እንደ ሆነ ግን ጭኮ ይባላል፤ ይህም በቤታችን ለበዓል ብቻ ነበር። በሶ ቶሎ አይበላሽም፤ ስለዚህ የመንገደኛ ስንቅ ነው።

ብርዝ ደግሞ ማርና ውሃ ነው። እናቴ ለአንድ ቅል ማር አምስት ቅል ውሃ ትለካለች፤ በእጅዋ እያሸች ሰሙን ትለያለች፥ በንጹሕ ጨርቅም ታጠልለዋለች። በማግሥቱ ይጠጣል። ጌሾ ቢገባበትና ብዙ ቀን ቢቀመጥ ጠጅ ይሆናል፤ ብርዝ ግን ለልጆችና ጠጅ ለማይጠጣ እንግዳ ይቀርባል። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከእርሱ የሚበልጥ መጠጥ አላገኘሁም።

አባቴ ከሸምበቆ የተሠሩና በእበት የተመረጉ 7 ቀፎዎች ነበሩት። አደይ አበባ ረግፎ ኅዳር ሲገባ፥ ሌሊት ኩበት አጭሶ ማር ይቆርጣል። እናቴም ከማሩ አንዱን ገንቦ ለይታ፥ አፉን በጨርቅ አስራ፥ በጓዳ ታኖረዋለች። ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ በዓል፥ የሚካኤልን ጽዋ የሚያወጣ አባቴ ነበርና፥ ያ ማር ለጠጁ የተጠበቀ ነው።

እኔ ያን ጊዜ 9 ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ጨርቁን ፈትቼ በጣቴ ቀመስሁ። በማግሥቱም ቀመስሁ። በሦስተኛው ቀን ጭልፋ ይዤ ገባሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማሩ እንደ ጎደለ አየሁና ፈራሁ፤ በጎደለውም ልክ ውሃ ጨምሬ በእንጨት አማሰልሁት። ከዚያም ወዲያ በወሰድሁ ቁጥር ውሃ እጨምር ነበር። በቃና ውሃው ወይን ሆነ፤ በእኔ እጅ ግን ማሩ ውሃ ሆነ።

የማላውቀው ነገር ነበር። ንቦች ማሩን አድርቀው በሰም የሚከድኑት፥ ውሃ የበዛበት ማር ስለማይቆይ ነው። በበሰለ ማር ውስጥ ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 20 እጅ አይበልጥም። ውሃ ሲጨመርበት ግን፥ በውስጡ ያለው በዓይን የማይታይ እርሾ ይነቃና ማሩ መፍላት ይጀምራል።

እናቴ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት ጠጁን ልትጥል ጨርቁን ብትፈታ፥ ማሩ አረፋ ደፍቶ፥ ሽታውም ኮምጥጦ አገኘችው። በጓዳው ደጅ የሚያድር እረኛችን ነበረ፤ ዕድሜው ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ሁሉም ወደ እርሱ ተመለከተ።

«እሜቴ፥ እኔ አልነካሁም» አለ።

አባቴ ግን «ነገ ወደ አገርህ ሂድ» አለው። እኔም በምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ዝም አልሁ። ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በደጅ በኩል እርሱም ሲገላበጥ እሰማው ነበር።

ሲነጋ እናቴ ትንሽ ስልቻ በሶ ሞልታ ሰጠችው። «ሌባ ብትሆንም መንገድህ ሩቅ ነው» አለችው። ለእኔም ከዚያው በሶ ጨብጣ ሰጥታኝ ነበር። ጎረስሁት፤ ነገር ግን መዋጥ አቃተኝ። እረኛው ስልቻውን አንግቦ ከአጥሩ በር ሲደርስ፥ በሶውን ከአፌ አውጥቼ ጮኽሁ፤ «እማዬ፥ ማሩን የወሰድሁ እኔ ነኝ! ውሃውንም የጨመርሁ እኔ ነኝ!»

ይገርፉኛል ብዬ ነበር፤ አልገረፉኝም። እናቴ ወደ በሩ ሄዳ ስልቻውን ከትከሻው በገዛ እጅዋ አወረደች፤ «ይቅር በለን፥ ልጄ» አለችው። እርሱ ግን መልስ አልሰጠም፤ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አባቴ ለጽዋው ከጎረቤት ማር ተበደረ፤ በሚመጣው ዓመት ከቀፎአችን ከፈለ። ያን ጊዜ ለእኔ የሚደርሰኝ ማር ሁሉ ለዕዳው ሄደ።

የተበላሸውንም ማር እናቴ አልደፋችውም። ውሃ ጨምራ፥ አጥልላ፥ ብርዝ አደረገችው። ማታ ዋንጫውን ሰጠችኝና «በል፥ ቅዳለት» አለችኝ። እረኛው በአባቴ መደብ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም እንደ አሳላፊ ቆሜ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ቀስ ብሎ ጠጣ፤ ከንፈሩንም ጠረገ። ከዚያም ትክ ብሎ አየኝና፥

«መልካም ነው» አለ፤ «ነገር ግን ውሃ በዝቶበታል።»

እናቴም ፊትዋን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች።