አደራው በማን እጅ ነበር?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ አሠራር፣ ስለ ግቢ ንጽሕና፣ ወይም ስለ እግር ኳስ ግጥሚያ ውጤት ነው። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ግን የዶርማችንን ገበና ነው። ገበና አደባባይ አይወጣም ብለው የመከሩን ነበሩ። ይሁን እንጂ የደረሰብን ነገር ነገ በእናንተም ሊደርስ ስለሚችል፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ነገሩ ከሆዳችን አልወጣ ስላለን፣ ቁጭ ብለን ጻፍነው።

ስምንት ነን። ባለፈው ሴሚስተር አንዱ ጓደኛችን አባቱ ማረፋቸው ተነግሮት በሌሊት ወደ አገሩ ሲነሣ፣ ከቁልፉ ጋር አንጠልጥሎ የሚይዘውን ፍላሽ ፈትቶ ሰጠን። «አደራ! ሰኞ አሳትማችሁ ለአማካሪዬ ስጡልኝ» አለን። በፍላሹ ውስጥ ያለው አክሽን ሪሰርች የምንለው የተግባር ምርምሩ ነው። ለማስተማር ልምምድ በተመደበበት ትምህርት ቤት 41 የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ አጠገቡ እያስቀመጠ፣ በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነቡ በሰዓት የለካበት ሥራ ነው። የራሱ ኮምፒዩተር የለውም። የመዘገበበትንም ወረቀት ወደ ፍላሹ ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ጥሎታል። ፍላሹን የተቀበለው አንድ እጅ ነው፤ «እሺ፣ አታስብ» ያልነው ግን ሰባታችንም ነን።

ሰኞ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል የሄድነው ታዲያ ለማሳተም ብቻ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የምናስተምርበት ተራ ደርሶን ነበርና፣ ባትሪና አምፖል በስክሪን ላይ እያገናኙ የሚያሳዩበት ሶፍትዌር አማረን። ሶፍትዌሩ በዶላር የሚሸጥ ነው። ዶላር ከየት ይምጣ? ከመካከላችን አንዱ «ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚታደልበትን መንገድ አውቃለሁ» አለ። (እውነተኛ ባትሪና አምፖል ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ እንደሚገኝ ያሰበ አልነበረም። መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ ከወዲሁ ይታየናል።)

መንገዱ ቢትቶረንት ይባላል። በ2001 ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምንጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። አሠራሩ ለእኛ ለሰልጣኞች እንግዳ አይደለም። አንድ ሞጁል ለሠላሳ ሰው ሲደርሰን ምን እናደርጋለን? ገጾቹን እንከፋፈልና አንዱ የገለበጠውን ለሌላው እየሰጠ፣ ከሌላው እየተቀበለ፣ መጨረሻ ላይ ሁላችንም ሙሉውን እንይዛለን። ቢትቶረንትም እንዲሁ ነው። ፋይሉ የተቀመጠበት አንድ ትልቅ ጎተራ የለም። ፋይሉ ተቆራርጦ በብዙ ሺህ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ይገኛል፤ ቁራሹን ያገኘ ለሌላው ያቀብላል፤ ለሚሰጥ ይበልጥ ይሰጣል። ማን ከማን እንደሚቀባበል በስም አይታወቅም። ስም አይታወቅም ስንል ግን ፈጽሞ ተሰውሯል ማለት አይደለም፤ የኮምፒዩተሩ የኢንተርኔት አድራሻ ለተቀባዮቹ ሁሉ ይታያል። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ከማያውቁት ሰው የሚመጣ ቁራሽ ትክክለኛ መሆኑስ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ የሠሪዎቹን ብልሃት ማድነቅ አለብን። እያንዳንዱ ቁራሽ በሒሳብ ስሌት የሚገኝ የጣት አሻራ አለው፤ ሃሽ ይሉታል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የተበላሸ ቁራሽ ሲመጣ ፕሮግራሙ ይጥለውና ከሌላ ሰው ያስመጣል። ከዚህ ይልቅ በአቋራጭ የሄዱም ነበሩ። በ2001 ብቅ ያለው ካዛ የሚባለው የፋይል መለዋወጫ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የፋይሉን መጀመሪያና ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ያሉትን ቦታዎች ብቻ ነበር የሚመረምረው። ያልተመረመረውን ቦታ ማበላሸት ለፈለገ ሰው በር ተከፈተለት፤ የተበላሹ ዘፈኖችም በመረቡ ላይ እንደ ጉድ ፈሰሱ። የተማሪ ደብተር የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ «ታይቷል» ብሎ የሚፈርም መምህር ማለት ነው።

የኛው ቢትቶረንት ግን ሁሉንም መርምሮ መቶ በመቶ ብሎ አረንጓዴ አበራልን። ደስ አለን! ከሶፍትዌሩ ጋር አንዲት አጭር ጽሑፍ ተያይዛ መጥታለች፤ «ከመክፈታችሁ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉ» ትላለች። አጠፋን። ዘበኛውን ከበር አንሥቶ ለማያውቀው እንግዳ በር የሚከፍት ሰው ቢነገረን እንስቅ ነበር። የጓደኛችን ፍላሽም ለኅትመት ተብሎ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የደቂቃዎች ነገር ነው። የፋይሎቹ ስም ከኋላቸው ጅራት እያወጣ ተለወጠ፤ ቢነኳቸው አይከፈቱም። በየፎልደሩ አንድ ደብዳቤ ተቀምጦ አገኘን። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉን ከፈለጋችሁ 980 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ በግማሽ ዋጋ ነው ይላል። ለካ በዝርፊያም ቅናሽ አለ! ይባስ ብሎ ደግሞ ቁልፉ በእጃችን እንዳለ እንድታምኑን አንድ ፋይል በነጻ እንፈታላችኋለን፤ ብቻ ዋጋ ያለው ፋይል እንዳይሆን ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግመን አነበብናት። ሌባውም አመኔታ ይፈልጋል። ብንከፍልስ ቁልፉን ለመላኩ ዋሱ ማነው?

የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ መጥተው አዩት። «ልጆች፣ ቁልፉ ያለው በሩቅ ሰው እጅ ነው፤ እኔ ምን ላድርጋችሁ?» ብለው ማሽኑን ነቀሉት።

ያን ማታ በዶርማችን ክርክር ተነሣ። «ፕሮግራሙ መቶ በመቶ ብሎ አልነበረም ወይ? ዋሸን እኮ!» ያለ ነበር። ነገሩን አውጥተን አውርደን ስናየው ግን አልዋሸም። ሃሽ የሚመሰክረው ያገኘኸው ነገር መጀመሪያ ከተለቀቀው ጋር አንድ ነው ብሎ ብቻ ነው። መጀመሪያ የለቀቀው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይመሰክርም። የታሸገ ደብዳቤ ማኅተሙ ሳይነካ ደረሰ ማለት በውስጡ ያለው ቃል እውነት ነው ማለት አይደለም። መርዙ ከላኪው እጅ እንደወጣ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድልበት በታማኝነት ደረሰን።

ሌላው የተታለልንበት ነገር ብዛት ነው። ፋይሉን «ሠርቶልኛል፣ እግዜር ይስጥልን» ያሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ዕቁብ የሚጥል ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በዕቁብ ዳኛው ይታወቃል፣ ጸሐፊው ይታወቃል፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ጠርቶ ነው። አሁን አንድ ሰው ሃያ ስም አውጥቶ ሃያ ሰው መስሎ ዕቁብ ቢገባና፣ አንዱ ስም ለሌላው ስም ዋስ ቢሆን አስቡት! ፊት በሚታይበት ቦታ ይህ አይሆንም። ፊት በማይታይበት መረብ ግን ቀላል ነው። በ2002 ጆን ዱሰር የተባለ ተመራማሪ ስለዚሁ ጽፎ፣ ስም መዝጋቢ የሆነ አንድ ማዕከል እስከሌለ ድረስ፣ በተግባር በማይገኝ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ አንድ ሰው ብዙ ሰው መስሎ እንዳይገባ መከልከል እንደማይቻል አሳይቷል። ዘዴው የሲቢል ጥቃት ይባላል፤ ብዙ ማንነት ነበራት ስለተባለች ሴት በ1973 ከወጣ መጽሐፍ የተወሰደ ስም ነው። በዓመቱ በ2003 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይገንትረስት የሚባል ስሌት አቀረቡ። የምስጋናው ክብደት እንደ አመስጋኙ ታማኝነት ይመዘናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እሱም ቢሆን ግን ከመጀመሪያው የሚታመኑ ጥቂት አባላት እንዲኖሩ ይፈልጋል። ዞሮ ዞሮ የዕቁብ ዳኛ መሆኑ ነው።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብለን ስም የለሹን መረብ ሁሉ ልናወግዝ ደርሰን ነበር። አንደኛው ጓደኛችን ግን «ቆይ እስቲ» አለ። «መምህራንን በወረቀት የምንገመግመው ስማችንን ጽፈን ነው? የአስተያየት ሣጥኑስ?» ዝም አልን። በስማችን ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን እውነቱን እንጽፍ ነበር?

ለዚህ ተብሎ የተሠራ መረብም አለ፤ ቶር ይባላል። ሥሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በ2002 ነው። መልእክቱ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ይጠቀለልና በሦስት አስተላላፊ ኮምፒዩተሮች ያልፋል፤ እያንዳንዱ አንድ ልጣጭ ብቻ ይልጣል። የመጀመሪያው ላኪውን ያውቃል፣ መድረሻውን አያውቅም። የመጨረሻው መድረሻውን ያውቃል፣ ላኪውን አያውቅም። መካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም። ማንንም ሙሉ በሙሉ ማመን እንዳያስፈልግ አደራው ለሦስት ተከፈለ ማለት ነው። እኛ አደራውን ለሰባት ከፍለን ያበላሸነው ሌላ ነገር ነው።

አስተላላፊዎቹን የሚያቆሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በጎ ፈቃድ የሌለውም ሊያቆም ይችላል። በ2007 ዳን ኤገርስታድ የተባለ ስዊድናዊ 5 የመጨረሻ አስተላላፊዎችን አቁሞ የሚያልፈውን ተመለከተ። ብዙው ሰው ቶር ስሙን ስለሰወረለት ቃሉንም የሰወረለት መስሎት ነበር። የመጨረሻው ልጣጭ ከተነሣ በኋላ ግን ላኪው ራሱ ያልመሰጠረው ነገር ራቁቱን ነው የሚሄደው። ሰውዬው የ100 ኢሜይሎችን የይለፍ ቃል ይፋ አደረገ፤ ከነዚህም የኤምባሲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩበት። በ2014 ደግሞ 115 ያህል አስተላላፊዎች አንድ ላይ ገብተው፣ ከጥር መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ተጠቃሚዎችን ለማጋለጥ ሲሠሩ ቆይተው ነው የተባረሩት። የሲቢል ነገር እዚያም ደርሷል።

በነገራችን ላይ የፈለግነው ዓይነት የኤሌክትሪክ ዑደት ማሳያ፣ ፌት በሚባል ስም፣ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነጻ እንደሚሰጥ ያወቅነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቁልፍ መስበር አያስፈልገውም፤ ሠሪውም ይታወቃል።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ከለቅሶ ሲመለስ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ ነበር። ሻይ አቀረብንለት፤ ስለ እናቱ ጠየቅነው። ከዚያ «ለአማካሪዬ ሰጣችሁልኝ?» አለን። በአንድ አፍ «አጥፍተነዋል» አልን። ቀድመን ተስማምተን ነበር፤ ያን ሰኞ ማን እንደከፈተው፣ አንቲቫይረሱን ማን እንዳጠፋው፣ ፍላሹን ማን እንደሰካው ላንናገር። «እኛ» እንላለን፣ ሌላ ስም የለም።

«እናንተ ማለት ማን?» አለ።

አንድ በአንድ አየን። ዝም አልን። ያ ዝምታ ጓደኛን መሸሸግ ይሁን ራስን መሸሸግ፣ እስከዛሬ በመካከላችን ስምምነት የለም። ይህን ስንጽፍ እንኳ ሁለታችን ስም ይጻፍ አልን፣ አምስታችን አይጻፍ አልን፤ ለዚህ ነው ከግርጌ ፊርማ የማታገኙት።

ጥቂት ቆይቶ «ስሙን ተዉት» አለ። «ነገ ልጆቹን እንደገና ልለካ ስሄድ ከኔ ጋር ማን ይመጣል?» መጀመሪያ የተነሣው እጅ የማን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

አማካሪው ቀን ጨምረውለታል። ከ41ዱ ልጆች ሁለቱ ትምህርት ቤት ቀይረዋል፤ እስካሁን 26ቱን ለክተን ጨርሰናል። አሁን የምንመዘግበው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱም በሁለት ይገለበጣል፤ አንዱ ከእሱ ጋር፣ ሁለተኛው ከአማካሪው ጋር ይቀመጣል። የቀሩትን ከፊታችን ሐሙስ እንቀጥላለን። የምንለካበት አንድ የእጅ ሰዓት ብቻ በመሆኑ፣ ሁለተኛ ሰዓት ሊያውሰን የሚችል ካለ ዶርማችን ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ያለው ነው።