ካሜራው የማያሳየው ልጃችን

ብዙ ጊዜ እዚህ የምንጽፈው ስለ ሽልንግና ብር ምንዛሬ፣ ስለ ሞያሌ መንገድና ስለ በርበሬ ዋጋ ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ አሜሪካ ኳስ ነው። አትሳቁብን። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ከሥራችን ያን ያህል የራቀ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እኛ» የምንለው ሁለት እህትማማችና አንድ ወንድም ነን። ሁርሊንግሃም ውስጥ፣ ከአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ገባ ብሎ፣ ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ልብስ የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችን። አራተኛዋ እህታችን የምትኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። ልጇ እስከ ዘጠኝ ዓመቱ እኛው ጋ ነው ያደገው። እሷ ቀድማ ሄዳ የልጁ ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል በኬሻዎቹ መሃል እየተጫወተ አደገ። ስለዚህ ለእኛ የእህት ልጅ ብቻ አይደለም፣ ልጃችን ነው።

አሜሪካ ከሄደ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የእነሱን ኳስ ጀመረ፤ ኮሌጅም በዚሁ ኳስ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ገባ። የሚጫወትበት ቦታ ሴፍቲ ይባላል። ለማታውቁት፣ በዚህ ጨዋታ ከየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ሴፍቲ ማለት ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ የሚቆመው ነው። ፊት ያሉት ቢሳሳቱ እሱ ያርመዋል፤ እሱ ከተሳሳተ ግን ከኋላው ማንም የለም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴፍቲ ይሰለፋል። አንዱ ርቆ ቆሞ ረጅም ኳስ ይጠብቃል፣ ሌላው ቀረብ ብሎ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይጥላል። ዛሬ ዛሬ ክለቦች የሚፈልጉት ሁለቱንም የሚችል ልጅ ነው።

ለሦስት ዓመት ያህል ልጁ በስልክ አጫጭር ቪዲዮ ይልክልናል። አንዱ ላይ ኳስ ሲነጥቅ፣ ሌላው ላይ አንዱን ግዙፍ ሰው ሲጥል። እኛም ለደንበኛው ሁሉ እናሳያለን።

በሦስተኛ ዓመቱ፣ ከገና በኋላ፣ አንድ ማታ ደወለ። ወንድማችን ነበር ያነሳው።

«ጋሼ፣ ማሚ እንዳትሰማ» አለ። «የእናንተን ሐሳብ ነው የምፈልገው።»

ነገሩ ድራፍት የሚሉት ነው። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር 32ቱ የአሜሪካ ክለቦች ተራ በተራ፣ በ7 ዙር፣ 260 ገደማ ወጣቶች ይመርጣሉ። ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣ 3 ዓመት የሞላው ልጅ ኮሌጁን ሳይጨርስም ስሙን ማስገባት ይችላል፤ የመጨረሻው ቀን ግን ለጥምቀት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኮሌጅ ኳስ የመመለሻው በር ይዘጋል ማለት ይቻላል። ሊጉ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አማካሪ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ በመጀመሪያው ዙር ልትመረጥ ትችላለህ፣ በሁለተኛው ልትመረጥ ትችላለህ፣ ወይም ትምህርትህን ቀጥል።

«ለእኔ ያሉኝ ትምህርትህን ቀጥል ነው» አለ ልጁ። «ግን ማሚ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ሌሊት ትሠራለች፣ እግሯ ያብጣል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እንዴት አንድ ዓመት እጨምራለሁ?»

እውነቱን እንናገር። የዚያን ማታ ያወራነው ስለ እናቱ እግር ብቻ አልነበረም። እህታችን ሥራ ስታቆም፣ እኛም ኢስሊ ሁለተኛ ሱቅ ስንከፍት፣ ያለብንን ዕቁብ በአንዴ ስንዘጋ አየነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። «ግባ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ልንለው ምንም አልቀረንም።

ያስቆመችን ታላቅ እህታችን ናት። «ይሄ ልጅ እስከ ዛሬ የላከልን ያማረውን ብቻ ነው» አለች። «የኬሻውን አፍ ብቻ አይተን በርበሬ ገዝተን እናውቃለን?»

እውነቷን ነው። በርበሬ የሚገዛ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ ይሰዳል። ከላይ የቀላው ከታች ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ «ያሸነፍክበትን ሳይሆን ሙሉ ጨዋታ፣ የተሸነፋችሁበትንም ላክ» አልነው።

የላከው ቪዲዮ በቴሌቪዥን ከምናየው የተለየ ነበር። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ነው የሚከተለው። ሴፍቲ ደግሞ ጨዋታው ሲጀመር ከኳሱ በጣም ርቆ ስለሚቆም ብዙ ጊዜ ከምስሉ ውጭ ነው። ኳሱ ወደ እሱ ሲመጣ ብቻ ድንገት ብቅ ይላል። ለዚህ አሰልጣኞች ከላይ ከፍ ብሎ 22ቱንም ተጫዋች በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ቪዲዮ አላቸው። ተጫዋች መርማሪዎቹም ሴፍቲን የሚመዝኑት በዚያ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጃችንን አየነው ስንል ለካ አላየነውም።

ብቻችንን አልነበርንም። ቡና ሊጠጣ የሚመጣ አንድ ኬንያዊ ደንበኛ አለን፤ በወጣትነቱ ንጎንግ መንገድ ላይ ባለው ሜዳ ራግቢ ተጫውቷል። የናይሮቢው ልጅ ዳንኤል አዶንጎ በ2013 ከራግቢ ወጥቶ ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ መፈረሙን የነገረንም እሱ ነው። «በራግቢም ከሁሉ ኋላ የሚቆም 15 ቁጥር አለ፤ ዓይኑ አንድ ነው» አለን። ሦስት ማታ ሱቁን ከዘጋን በኋላ በላፕቶፕ አብረን አየን።

መጀመሪያ ያስተማረን ኳሱን እንዳናይ ነው። «የመጀመሪያ እርምጃውን እዩ» አለ። ኳስ ወርዋሪው ኳሱን ለሯጭ የሰጠ መስሎ ያታልላል። ጥሩ ሴፍቲ በዚያች ቅጽበት አይጣደፍም። የእኛ ልጅ በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ተታሎ ወደ ፊት ወጣ። አንዱን ጊዜ ብቻ ነው ኳሱ ከኋላው የተወረወረው። ሁለቱን ጊዜ ማንም አላስተዋለበትም፤ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ወደ ሯጩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሰውየው ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው መሮጥ ያለበት። ልጃችን ፈጣን ስለሆነ ፍጥነቱን ተማምኖ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ ያልፈዋል። ሦስተኛው የነጠቃቸው ኳሶች ናቸው። በዚያ ዓመት አራት ነጥቆ ነበር። ቆጥረን ስናይ ሁለቱ የሌላ ሰው እጅ ነክቶ የተፈናጠረ ኳስ ነው። ዕድል ነውር አይደለም፤ ግን ዕድልን በየዓመቱ እሸጣለሁ ማለት አይቻልም።

አራተኛው ግን ልባችንን ነካው። ሴፍቲ ሜዳውን በሙሉ የሚያየው እሱ ስለሆነ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ፊት ያሉትን ማዘዝ አለበት። «አንተ ወደ ግራ፣ አንተ ወደ ኋላ» ብሎ መጮህ፣ በእጁ ማሳየት አለበት፤ የሚያዘው ታላቁን ቢሆንም። የሌላኛው ቡድን ሴፍቲ እጁ አያርፍም። የእኛ ልጅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆሟል።

ደንበኛችን «ይሄ ልጅ ለምን አይናገርም?» አለ። እኛ ተያየን። «ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል» ብለን ያሳደግነው እኛ ነን። በዚችው ክፍል ውስጥ።

ክለቦች እንዴት እንደሚመርጡም አነበብን። ልጁ የሚተማመነው በሩጫው ነበር። በክረምቱ መጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚደረገው ምዘና ልጆቹ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ገደማ፣ በሰዓት ይሮጣሉ። ግን ሰዓቱ ሁሉን አይናገርም። ካይል ሃሚልተን የተባለው የኖትር ዴም ሴፍቲ በ2022 በ4.59 ሴኮንድ ሮጠ፤ ለእሱ ቀርፋፋ ነው ተባለ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ይሆናል ሲባል የነበረው ልጅ በ14ኛ ባልቲሞር ሬቨንስ ወሰደው። በ2023 የሊጉ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ ገባ። ቦታውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሩቅ መሮጥ አያስፈልገውም።

ሌላም አወቅን፤ የሴፍቲ ገበያ ራሱ ቀዝቃዛ ነበር። በ2024 ድራፍት በመጀመሪያው ዙር አንድም ሴፍቲ አልተጠራም። የመጀመሪያው የተጠራው በ47ኛ ነው። ናት በርሄ የሚባል፣ የኤርትራ ዘር ያለው፣ ካሊፎርኒያ ያደገ ሴፍቲ አለ። ስሙን ስናነብ የጎረቤት ልጅ የተጠራ ነው የመሰለን። ከሳን ዲዬጎ ስቴት ወጥቶ በ2014 በአምስተኛው ዙር፣ በ152ኛ፣ ኒው ዮርክ ጃያንትስ ወሰደው። እንዲህ ዘግይቶ የሚጠራ ልጅ ቦታውን የሚያገኘው ኳስ ሲለጋና ሲመለስ በሚሮጡት ቡድኖች ውስጥ እየለፋ ነው። በርሄ የ2015ን ውድድር ሙሉውን በሕመም አጣው፤ ተመልሶ ተጫወተ፣ በ2018 ፒትስበርግ ስቲለርስ ገባ። እዚያ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። የሰማይ ላም ግን አይደለም።

ይሄን ሁሉ ስናይ ሞያሌ ያለው ሰውያችን ትዝ አለን። ጭነታችን ሲያልፍ ወረቀቱን የሚያይልን፣ ኬሻውን የሚቆጥርልን፣ ሸራው በደንብ መታሰሩን የሚያረጋግጥልን ሰው ነው። የእሱ ጥሩ ቀን ስልክ ያልተደወለበት ቀን ነው። አንድ ዓመት «ምን ይሠራል?» ብለን፣ ክፍያውን ለመቆጠብ፣ አስቀረነው። በሁለተኛው ጭነት ሰባት ኬሻ በርበሬ ረጥቦ ደረሰን። ያን ጊዜ ነው ምን ይሠራ እንደነበር የገባን። ሴፍቲም እንደዚያው ነው። የሚመዘነው በሆነው ብቻ ሳይሆን ባልሆነው ነው፤ ባልተወረወረው ኳስ፣ ባላለፈው ሯጭ። የሚጠብቅን ሰው መመዘን የፈለገ ኳሱ የሌለበትን ቦታ ማየት አለበት።

ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ደወልንለት። ያየነውን አንድ በአንድ ነገርነው። «ኮሚቴው ልክ ነው፤ ቆይ፣ ተናገር፣ ድግሪህንም ያዝ» አልነው። ዝም አለ። ከዚያ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዘጋ። ለሁለት ሳምንት አልደወለም። እናቱም ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችንም፤ «እኔ እችላለሁ» አለች ብቻ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትከብደናለች። አንድ ዓመት ተጨማሪ የሌሊት ሥራ የፈረድንባት እኛ ነን።

ቆየ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ፣ ድራፍቱ ቅዳሜ ሲገባ፣ እዚህ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አራተኛው ዙር ጀመረ። ቡና አፍልተን፣ ዕጣን አጭሰን፣ ጎረቤት ጠርተን ተቀመጥን። አምስተኛው አለፈ፣ ስድስተኛው አለፈ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰባተኛውም አለቀ። ስሙ አልተጠራም። ሦስተኛው ጀበና ቀዝቅዞ ቀረ። በማግስቱ አንድ ክለብ ለሦስት ቀን ሙከራ ጠራው። ሄደ፣ ሞከረ፣ አልፈረመም።

ባለፈው ዓመት ቢገባ ይጠሩት ነበር? ጥያቄው በመካከላችን አለ። ወንድማችን አንዳንዴ ሱቁን ሲዘጋ ያነሳዋል፤ ማንም አይመልስለትም። ልጁ አሁን ድግሪው በእጁ ነው፤ በአንድ የጭነት ድርጅት ቢሮ ይሠራል። ማለዳ ማለዳ ግን አሁንም ይሮጣል፤ ሌላ ሙከራ ይጠብቃል። እናቱ አንዱን ሥራ ካቆመች ሦስት ወር ሆናት።

ከሙከራው ሲመለስ ሳንጠይቀው የመጨረሻ ጨዋታውን ላከልን። ያማረውን ቆርጦ ሳይሆን ሙሉውን፣ ከላይ የተቀረጸውን። እንደተማርነው ኳሱን ትተን እሱን አየን። ከሁሉም ኋላ ቆሟል። እጁን ዘርግቶ አንዱን ወደ ግራ ይገፋል፣ ሌላውን ይጠራል፣ አፉ አይዘጋም። ያዘዘው ልጅ ከእሱ በሁለት ጭንቅላት ይበልጣል፤ ተንቀሳቀሰለት። ኳሱም ወደዚያ ሳይወረወር ቀረ። በቴሌቪዥን ያየ ሰው ምንም አላየም። ታላቅ እህታችን ግን ቪዲዮውን መለሰችና እንደገና አየችው።

ወገኖች፣ ልጃችሁ በኳስም ይሁን በሌላ ደውሎ «ልግባ ወይ?» ካላችሁ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ሙሉውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የሚያይላችሁ ሰው ካጣችሁም ወደ ሁርሊንግሃም ብቅ በሉ፤ ቡና አለ፣ ላፕቶፑም አለ፣ የራግቢው ደንበኛችንም ማታ ማታ አይጠፋም።