ሞተሩ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የቱን እንንካ?

በጥርና በየካቲት ከከሚሴ ወጣ ብላችሁ ወደ ቦርከና ብትወርዱ፣ ወንዙን ከማየታችሁ በፊት የምትሰሙት የሞተር ድምፅ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የዘራ ሁሉ በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ የውሃ ሞተር ከዳር አስቀምጧል። አንዳንዱ አዲስ ነው፤ ሌላው ግን እንደ እኛው ብዙ ዓመት የሠራ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ ነው። «በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ስለ ካርቡራተር መጻፍ ምን አመጣው?» የሚል ቢኖር፣ በእኛ ቤት የልጆች የትምህርት ቤት ወጪም፣ አሥራቱም፣ የባልና የሚስት ሰላምም የሚወጣው ከዚያው ቱቦ ነው እላለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት፣ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት፣ ሞተራችን ታመመ። ሲነሣ ደህና ነው። ውሃ መሳብ ሲጀምር ግን ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ውሃውም አብሮት ይቆራረጣል። በቆላችን ሙቀት፣ በዚያ ጊዜ ውሃ ያጣ ሽንኩርት ብዙ ቀን አይታገሥም። አንድ ባለሙያ አስጠራን። ሰውዬው አዳምጦ ሳይጨርስ ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘችውን ሞላ አጠበቀ። ሞተሩ ጆሮ እስኪያደነቁር ጮኸ፤ መወዛወዙ ግን አልቀረም። «እንግዲያው አርጅቷል፣ ሌላ ግዙ» ብሎን ሄደ።

የዚያን ሌሊት ጭውውታችንን ሁሉ አልዘረዝረውም። ባለቤቴ ላሚቱን እንሽጥ ባይ ነው፤ እኔ ደግሞ ወተቷን የሚጠጡትን ልጆች እቆጥራለሁ። ባለትዳር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ በገንዘብ የተጀመረ ንግግር በገንዘብ ብቻ አያልቅም። ጸልየን ተኛን። ሲነጋ ግን ላሚቱን ወደ ገበያ ከመንዳታችን በፊት ሞተሩን ራሳችን ከላይ እስከ ታች እንየው ተባባልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የመኪና ነዳጅ መስጫ ሲረገጥ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለችውን ዝርግ መዝጊያ በቀጥታ ይከፍታል። በውሃ ሞተር እንዲህ አይደለም። እጀታውን ስትገፉ የምትወጥሩት ሞላውን ነው፤ መዝጊያዋን የሚያዝዛት ገቨርነር የሚባለው ፍጥነት ጠባቂ ነው። ሞተሩ ሲደክም ይከፍትለታል፤ ሲፈጥን ይዘጋበታል። እንግዲህ ቤንዚን በበቂ ካልደረሰ ሞተሩ ይደክማል፣ ገቨርነሩ ይከፍታል፣ ሞተሩ ይዘላል፣ ገቨርነሩ ይዘጋል፣ ደግሞ ይደክማል። ያ መወዛወዝ ብዙ ጊዜ የረኃብ ድምፅ ነው እንጂ የገቨርነሩ በሽታ አይደለም። ሞላውን ማጥበቅ የራበውን ሰው ሩጥ ብሎ እንደ መግረፍ ነው። ደግሞም ከተሠራለት ፍጥነት በላይ የሚሮጥ ሞተር ውስጡን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሞላውን በቀለሙ ላይ በቀረው የቀድሞ ምልክት መለስነው።

ቀጥሎ ቾክ። ሞተሩ ውሃ እየሳበ ሳለ ባለቤቴ ቾኩን በጥቂቱ ዘጋው፤ እኔ ጆሮዬን ሰጠሁ። ድምፁ ወዲያው ቀጥ አለ። ቾክ አየሩን ስለሚቀንስ የቤንዚኑ ድርሻ ይጨምራል። በቾክ የተሻለው ሞተር ወይ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይ ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በተጣበቀበት በኩል አየር ይገባበታል። ብሶበት ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ኖሮ ነገሩ ተቃራኒ ነበር፤ ያኔ የምንፈትሸው የአየር ፊልትሮውን ይሆናል። (ከፍታም እንዲህ ያደርጋል። 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከሚሴ የተስተካከለ ካርቡራተር ከ2,400 ሜትር በላይ ወዳለችው ደሴ ቢወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ደጋ ላለ ዘመድ ሞተር የምታውሱ አስቡበት።)

ከዚያ ቤንዚኑን ከምንጩ ተከተልነው። በታንኩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች፤ እርሷ ከተደፈነች ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፣ ክዳኑ ሲላላ «ፉስ» ብሎ አየር ይስባል። የእኛዋ ክፍት ነበረች። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን፤ የቡና እሳቱንም አራቅን። የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተን ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ኩባያ በጥንቃቄ አወረድናት። ከቤንዚኑ ሥር የውሃ ጠብታ ተንከባሎ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ቡናማ ደለል አለ። ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን የምትገዙ ሁሉ ይህችን ኩባያ አንድ ቀን ብታዩአት መልካም ነው።

ቤንዚን የሚመጠንባትን የናስ ቀዳዳ፣ ጂግለር የሚሏትን፣ ፈትተን ወደ ብርሃን ብናነሣት ግማሿ ተደፍኗል። ባለቤቴ መርፌ ሊያመጣ ሲነሣ ያዝሁት። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳዋ በመርፌ ከሰፋች ሞተሩ ቤንዚን በላተኛ ሆኖ ይቀራል። በቤንዚን አጥበን ጎማ ከሚጠግን ጎረቤታችን ዘንድ ወሰድናት፤ በአየር ነፋልንና ገንዘብ አልቀበልም አለ።

መልሰን ስንገጥም ሞተሩን ሳናስነሣ እሱ እጀታውን ገፋ፣ እኔ መዝጊያዋን የሚስበውን ዘንግ አየሁ። ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይመችም፤ የሚገፋ እጅና የሚያይ ዓይን በአንድ ቦታ አይሆኑም። በዚያው እጀታው በንዝረት ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ብሎኑ ስለላላ መሆኑን አገኘን። ለካ ያ ሁሉ ሽቦ የታሰረው በአንድ ብሎን ምክንያት ነው። አጠበቅነው፤ ሽቦውንም ጣልነው። ሞተሩ ተነሣ፣ ውሃም ያዘ፤ ድምፁ አልተወዛወዘም። ሽንኩርቱ ከማታ በፊት ጠጣ፤ ላሚቱም ገበያ አልወጣችም።

ስትፈትሹ ሞተሩን ገላጣ ቦታ አስነሡት። የውሃ ሞተር ከስድስትና ከሰባት ሜትር ጥልቀት በታች ውሃ መሳብ ስለሚያቅተው፣ አንዳንዶች ወደ ጉድጓድ አውርደው ያስነሡታል። በጭሱ ውስጥ ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ አለ፤ የወደቀውን ላውጣ ብሎ የሚወርደውንም አብሮ ይወስዳል።

አሁን ቤንዚኑን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ እናጠልላለን። ማታ ስንጨርስ ሞተሩን በእጀታው አናጠፋውም፤ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተን በኩባያው የቀረውን ጠጥቶ ራሱ እስኪጠፋ እንተወዋለን፤ ደለል የሚተኛበት ቤንዚን እንዳይተርፍ። ከእራት በኋላ ባለቤቴ «ቤንዚኑን ዘጋሽው?» ይለኛል። ብዙ ጊዜ የዘጋው እሱ ራሱ ነው።