ሦስት ማሽን በአንድ ቦርድ



ባለፈው ሴሚስተር ለኬሚስትሪ ሞዴል ብላችሁ ያዋጣችሁት ገንዘብ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መጠየቃችሁ ልክ ነው፤ ገንዘቡ አማና ነበር። የሠራነውንም ያበላሸነውንም እንንገራችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ በምንሰጥበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሞለኪውልን የሚያውቁት በሰሌዳ ላይ በተሣለ ክብ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ አራት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ከኮምፖንሳቶና ከብረት ዘንግ ሦስት ስሪዲ ፕሪንተር ገጣጥመን ነበር። መነሻችን እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦውየር የጀመሩት ሬፕራፕ ነው፤ ማንም በቤቱ እንዲሠራው ንድፉ በነፃ ተለቋል። የጎደለን ቦርድ ነበር። ያለን አንድ አርዱይኖ ሜጋና በላዩ የሚሰካ አንድ ራምፕስ ብቻ ነበር።

«ሦስቱም የሚያትሙት አንድ ዓይነት ኳስ ነው። ሦስት አንጎል ምን ያደርግላቸዋል?» አለ ከመካከላችን አንዱ። ነገሩ ገባን። ቦርዱ ለሞተር የሚልከው ኃይል ሳይሆን ምልክት ነው፦ «አንድ እርምጃ ሂድ»፣ «ወደዚያ ዙር»። ኃይሉን የሚሰጠው ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ቁራጭ ነው። ስለዚህ አንዱን የምልክት ሽቦ ለሦስት ድራይቨር ብናካፍለው ሦስት ሞተር እኩል ይሄዳል። ለሦስት ማሽን 12 ድራይቨር ያስፈልገናል፤ ራምፕስ ደግሞ የአምስት ቦታ ብቻ አለው። የቀሩትን በሌላ ሰሌዳ ላይ በየድናቸው ሽቦ ሳብንላቸው።

የመጀመሪያው ቀን አሳቀን። ሁለቱ ማሽኖች ኳስ ሲያወጡ ሦስተኛው እንቁላል የመሰለ ነገር አወጣ። ለካ በአንደኛው አቅጣጫ የገጠምንለት የቀበቶ ጥርስ 20 ሳይሆን 16 ኖሯል። ቦርዱ ለሁሉም እኩል እርምጃ ስለሚቆጥር ያ ማሽን በዚያ አቅጣጫ አንድ አምስተኛ እያጠረ ይሄድ ነበር። ማሽኖቹ ካልተመሳሰሉ ቦርዱ አያስታርቃቸውም።

ሁለተኛው ችግር መነሻቸው ነበር። እያንዳንዱ ማሽን «ዜሮ» የሚለው ጥግ አለው፤ ሦስቱ ግን እኩል አይደርሱበትም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ቀላሉን መረጥን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሦስቱንም በእጃችን ጥግ ድረስ እንገፋና ለቦርዱ «ዜሮ እዚህ ነው» ብለን እንነግረዋለን። ከፍታውን ደግሞ በአንዲት ወረቀት ውፍረት እንለካለን።

ሦስተኛው ግን አላሳቀንም። ፕላስቲኩን የሚያቀልጡትን ሦስት ማሞቂያዎች በአንድ ማብሪያ አስረን፣ የሙቀት መለኪያ ያደረግነው በመጀመሪያው ማሽን ላይ ብቻ ነበር። አንዱ 200 ዲግሪ ከደረሰ ሌሎቹም ደርሰዋል ብለን ገመትን። ሙቀት ሲዛባ ራሱ የሚያቆም መከላከያ በፈርምዌሩ ውስጥ አለ። በየሰዓቱ እያቆመ ስላስቸገረን ግን እኛው ዘግተነው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ማሽኖቹን እየሠሩ ትተን ለመግሪብ ወጣን። ስንመለስ ክፍሉ ጭስ ብቻ ነበር። መለኪያዋ ከቦታዋ ተንሸራታ ወጥታለች። ቦርዱ የሚያነበው የክፍሉን አየር ስለሆነ «ገና አልሞቀም» እያለ ሦስቱንም ያለማቋረጥ ያሞቃል። ፕላስቲኩ ከስሏል፣ ውስጥ ያለው የቴፍሎን ቱቦ ቀልጧል። ሶኬቱን ነቅለን መስኮቱን ከፍተን ደጅ ቆመን ቀረን። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። ከአጠገቡ ባለው ክፍል ግን ሁለት ልጆች ለፈተና እያጠኑ ነበር። ያን ሌሊት ማናችንም በደንብ አልተኛንም።

በማግስቱ መጀመሪያ የሄድነው ወደ እነዚያ ሁለት ልጆች ነው፤ ይቅርታ ጠየቅናቸው። ቀጥሎ ለጀመዓው ገንዘብ ያዥ እህታችን ነገርናት። አልተቆጣችም። «የተቃጠለውን ማን ይተካል?» ብቻ አለች። እኛ እንተካለን አልን። የሦስቱን የተቃጠለ ራስ ዋጋ ከራሳችን ኪስ ከፈልን፤ ለሁለት ወር ያህልም የካፌ ማኪያቶ ቀረ። ከመዋጮው አልነካንም፤ ደረሰኙ እሷ ዘንድ አለ።

መፍትሔው ለካ ከቦርዱ ላይ ነበር። ራምፕስ ሦስት የማሞቂያ መውጫና ሦስት የሙቀት መለኪያ መግቢያ አለው። ሥር የሚሞቀውን ጠፍጣፋ ትተን ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ማሞቂያና የራሱን መለኪያ ሰጠነው። የምናትመው ፒኤልኤ ስለሆነ ጠፍጣፋው ባይሞቅም በቴፕ ላይ ይይዛል። መከላከያውንም መልሰን ከፈትነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይጠብቃቸው አይሠሩም፤ ለሶላት ስንወጣ ይጠፋሉ። የቆመው ኳስ ይበላሻል፣ እንደገና ይታተማል።

አሁን ብትጠይቁን፣ በአንድ ቦርድ ሦስት ማሽን ይሠራል? አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ለማተም፣ አዎ ይሠራል። ግን የአንዱ ፊላመንት ሲዘጋ ቦርዱ አያውቅም፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። እሱን ለማስተካከል ስታቆሙ ደግሞ ሦስቱም ይቆማሉ። ለድራይቨሩና ለሽቦው ያወጣነውን ስንደምረው ያተረፍነው ገንዘብ ካሰብነው ያነሰ ነው። የተለያየ ዕቃ ለማተም የሚያስብ ሰው ለእያንዳንዱ ማሽን ቦርድ ቢገዛ ይሻለዋል።

በ30 ዙር 90 ኳስ አትመን፣ ቃል ከገባነው አምስት ሳምንት ዘግይተን አስረከብን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ውሃን ገጣጥማ «ለካ ቀጥ ያለ አይደለም!» አለች። ሁለቱ ሃይድሮጅን በኦክስጅኑ ላይ ጎበጥ ብለው መቀመጣቸውን ማለቷ ነው።

የእንቁላሉን ኳስም ወስደንላቸው ነበር። እሱን ማንም ሊመልስልን አልፈለገም።

ቀጣዩ ሥራ የካርቦን ቀለበት ነው። ማየት ወይም ማገዝ የምትፈልጉ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ኑ፤ ማሽኖቹ በርተው ከሆነ ከእኛ አንዱ አጠገባቸው አለ።