ባሕሩ ጥሎት የሄደው ጨው

ከመቀሌ ተነስቶ በአጉላዕ በኩል ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው የዳናክል ሜዳ በግማሽ ቀን ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ በራህሌ ላይ ሸሚዝም ይከብዳል። ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ አስፋልቱ ደኅና ነው።

አብረውን የነበሩት ጡረተኛ የመስኖ መሐንዲስ ግን ቁልቁለቱን በሙሉ አንድ ሐሳብ ሲያብሰለስሉ ነው የወረዱት። "ሜዳው ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ ከዚያ ማዶ። ቦይ ብቻ ይቆፈርለት፤ ውሃው በራሱ ይወርዳል፣ እግረ መንገዱንም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ባሕር ካለ ደመና አለ፤ ደመና ካለ ዝናብ አይቀርም።" ሾፌራችን በመስተዋቱ አየት አደረጋቸውና "ጋሼ፣ ቦዩ የሚቆፈረው እኮ ኤርትራ ውስጥ ነው" አለ። "እሱን ፖለቲከኞች ይጨነቁበት" ብለው አለፉት።

ሕልሙን የጀመሩት እሳቸው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ሩዴር የተባለ የፈረንሳይ ጦር መኮንን፣ የቱኒዚያንና የአልጄሪያን የጨው ረባዳዎች በሜዲትራኒያን ውሃ ሞልቶ ሰሃራ ውስጥ ባሕር ሊፈጥር ተነሳ። የስዌዝን ቦይ ያስቆፈረው ደ ሌሴፕስ ሳይቀር ደገፈው። በ1882 ጉዳዩን የመረመረው የመንግሥት ኮሚሽን ግን አልተቀበለውም። የግብፁን የቃታራ ረባዳ ለመሙላትም በ1970ዎቹ ባስለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ቦዩን በኑክሌር ፍንዳታ እንቅደደው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ደግነቱ አልተቀደደም።

ዳናክል ግን ባሕር ምን እንደሆነ ያውቃል። ከጨው ሜዳው ጠርዝ ላይ የአፋሩ አስጎብኚያችን ድንጋይ አንስቶ ሰጠኝ፤ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው። ኮራል! ሞቅ ያለና ጥርት ያለ የባሕር ውሃ ካላገኘ የማያድገው ፍጥረት በዚህ ንዳድ መሐል መቃብሩ ተገኘ። የዛሬ 125,000 ዓመት አካባቢ ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ገብቶ እዚህ ድረስ ተኝቶ ነበር። ኋላ መሬቱ ከፍ አለ፣ እሳተ ገሞራም አገዘውና በሩ ተዘጋ። ተቆርጦ የቀረውን ውሃ ፀሐይ ጠጣው።

መሐንዲሱ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ማስላት ጀመሩ። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። 120 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር አንዴ ቢደርቅ የሚተወው ጨው ሁለት ሜትር አይሞላም። ከእግራችን ሥር ያለውን ግን የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይገምቱታል። "እንግዲያ ውሃው አንዴ ገብቶ አልቀረማ" አሉ፤ "የተነነው እየተተካ፣ የተተካው እየተነነ ኖሯል።" ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር።

ጨው ቆራጮቹ ዘንድ ፀሐይ ሳይበረታ ደረስን። አንዱ በመጥረቢያ ቅርፊቱ ላይ መስመር ያወጣል። ሌሎቹ ረጃጅም አጣና በስንጥቁ ከትተው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ ሁሉም በአንዴ ይጫኑታል። ሰፊው ንጣፍ ተገንጥሎ ሲገለበጥ ሥሩ ገና እርጥብ ነው። ጠራቢዎቹ ቁጢጥ ብለው ሜትር የለ ገመድ፣ በዓይን ግምት ብቻ አሞሌ ያወጡለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ባይ ልዩነት አጣሁባቸው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የአክሱም ሰዎች ጨው ይዘው ሄደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። ባሕሩ ቢመለስ መጀመሪያ የሚሰምጠው ይህ እንጀራ ነው።

ለነገሩ ተፈጥሮ ሙከራውን ጎረቤት ጅቡቲ ላይ ሠርታዋለች። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ ከጉቤት ወሽመጥ የሚመጣ የባሕር ውሃ ማንም ቦይ ሳይቆፍርለት በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይገባለታል። ጨውነቱ የባሕርን አሥር እጥፍ ያህላል። ዙሪያው ጥቁር ድንጋይና ነጭ ጨው እንጂ ማሳ አይደለም።

ማታ ሐመድ ኤላ መንደር የጠፍር አልጋ ላይ ተጋድመን ሳለ መሐንዲሱ ስለ አሚባራ የመስኖ እርሻ አጫወቱኝ፤ ጎልማሳነታቸውን ያሳለፉት መካከለኛው አዋሽ ላይ ነው። እዚያ የገባው የባሕር ሳይሆን የወንዝ ውሃ ነበር። ትርፉ ውሃ በቂ ማፋሰሻ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውሃ ሽቅብ መጣ፤ ጨውም ይዞ ወጣ። ጥጥ ይለቀምበት ከነበረው ማሳ ከፊሉ ነጥቶ ተተወ። "ማስገባቱ ምን አለው፤ ማስወጣቱ ነው አበሳው" አሉኝ። አዋሽ ራሱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ አፋር የሚያስፈልገው ውሃ እንግዲህ ከምሥራቅ ሳይሆን ከደጋው የሚመጣው ነው። ይህን ስላቸው አልተከራከሩኝም።

ስንመለስ በራህሌ አቅራቢያ መኪናውን አስቆሙ። ደረቁ የወንዝ መውረጃ ግራና ቀኝ ገደል ላይ የክረምቱ ጎርፍ የደረሰበት ምልክት ከሰው ቁመት በላይ ይታያል። አንድ የአፋር ሽማግሌ ጎርፉ ከየት መጥቶ የት የት እንደሚተኛ በዱላቸው አሸዋው ላይ ይሥሉላቸው ጀመር፤ አስጎብኚያችን ያስተረጉማል። መሐንዲሱ ውሃውን ወደ ጎን የሚመልስ ዝቅተኛ ክትር እዚህ ጋ ቢሠራ ብለው በጣታቸው አሰመሩ። ሽማግሌው ዱላቸውን ከመስመሩ ዝቅ አድርገው ተከሉና፣ ግመሎቹ የሚጠጡት እዚህ ስለሆነ ክትሩ ከዚህ በታች ይሁን አሉ።