«የምውጠው ወሊድ መከላከያ አይደለም!»

«ማረጥ» ሲባል ማን ትዝ ይላችኋል? መቼም እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ወይም ነጠላዋን ገፍፋ ፊቷን በጋዜጣ የምታራግብ የመሥሪያ ቤት ሴትዮ ትሆናለች እንጂ ጂንስ ለብሳ ታክሲ የምትጋፋ የ31 ዓመት ልጅ አትሆንም። እኔ ግን ያቺ ልጅ ነኝ። ዛሬ 34 ሞልቶኛል፤ ማታ ማታ አንዲት ፍሬ ኪኒን እውጣለሁ፤ እግዜር ካለ እስከ 50 ዓመቴ ድረስም እውጣለሁ። የማወራችሁ ስለዚህችው ኪኒን ነው፤ በቤተ ዘመድ ያልተባለችው ነገር የለምና!

ነገሩ የጀመረው የወር አበባዬ ሲዛባ ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር ዘለለ፤ እኛም ደስ አለን። ከተጋባን ዓመት አልፎን ስለነበር ባለቤቴ በልቡ ስም ማውጣት ሁሉ ጀምሮ ነበር። ምርመራው ግን እርግዝና የለም አለ። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ። በሐምሌ ብርድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ሌሊት ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ፤ አንሶላው ይጨመቃል። ቀን ቢሮ ቁጭ ባልኩበት ከደረቴ የተነሣ እሳት በአንገቴ አድርጎ ፊቴ ላይ ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋና ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል። ወባ ነው ተባልኩ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ «ጭንቀት ነው፣ ባልሽን ይዘሽ ላንጋኖ ውረጂ» ያለኝም አልጠፋ።

የማሕፀን ሐኪሙ ግን ደም አስመረመረኝ፤ ከወር በኋላም ደገመው። ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው ሆርሞን ጣራ ነክቷል። ለካ ይህ ሆርሞን አንጎል የእንቁላል ማምረቻውን «ሥሪ እንጂ!» እያለ የሚጮህበት ነው፤ ማምረቻው ዝም ሲል ጩኸቱ ይበረታል። «ከ40 ዓመት በታች ካሉ መቶ ሴቶች በአንዷ ላይ ይደርሳል» አለኝ ሐኪሙ። ያቺ አንዷ መሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ ብል ቃሉም የለኝ፤ ልለፈው።

«እናቴ ያለምንም ኪኒን አልፋዋለች፤ እኔ ለምን እውጣለሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። እናቴ በእርግጥም ክረምት ከበጋ መስኮት ከፍታ እየተኛች ነው ያለፈችው። ሐኪሙ ሳቅ አለና «እናትሽ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለኝ። ሃምሳ። «እንግዲያው እሷ ጊዜዋን ጠብቃ ነው። አንቺ ግን ሰውነትሽ ገና ሃያ ዓመት ያህል ሊያገኘው የሚገባውን ኤስትሮጅን ነው ያጣሽው። ካልተተካ አጥንትሽ ያለ ዕድሜው ይሳሳል፣ ልብሽም ይጎዳል። ተጨማሪ አይደለም የምሰጥሽ፤ የጎደለውን ነው» አለኝ። እኔን ያሳመነኝ ይህ አነጋገር ነው። መነጽር ያደረገን ሰው «ዓይንህን ለምን አበዛኸው?» የሚለው አለ እንዴ?

እሽጉ 28 ፍሬ አለው። 14ቱ ቀይ፣ 14ቱ ቢጫ። ቀዮቹ ሁለት ሚሊ ግራም ኤስትሮጅን ብቻ ናቸው፤ ቢጫዎቹ የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን ተጨምሮባቸዋል። ይህ ቢጫ ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻዋን ስትውጥ የማሕፀን ግድግዳ እየወፈረ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል፤ አሜሪካኖች ይህንን በ1975 እ.ኤ.አ. በወጡ ጥናቶች አውቀውታል። ማሕፀኗ በቀዶ ጥገና የወጣላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ኤስትሮጅኑ ብቻ ይበቃታል። ስለዚህ የጓደኛን ኪኒን ተካፍሎ መዋጥ የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት ነበሩ ብትሉኝ፣ ጠዋት ስውጠው ያቅለሸልሸኛል። ጡቴ ከማበጡ የተነሣ ታክሲ ለመያዝ መሮጥ አቃተኝ። ወደ ማታ አዞርኩት፤ ከእራት ጋር ስወስደው ማቅለሽለሹ ተወኝ፤ ጾም ሲመጣም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምቆየው ሰውዬ ተመቸኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳልነቃ ነጋ። ባለቤቴ ደንግጦ ቀሰቀሰኝ፤ አይ የሰው ነገር! ከአልጋ ላይ ያለው ነገራችንም (መቼም የምታውቁትን ልደብቃችሁ አልችልም) ወራት ሙሉ እንደ አሸዋ ደርቆ፣ ሰበብ እየፈለግሁ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው። እሱም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በእሽጉ መጨረሻ ደም ሲመጣ ሱቅ ሄጄ ሞዴስ ገዛሁና እዚያው ባለሱቁ ፊት ዕንባዬ መጣ። ደሙ የኪኒኑ እንጂ የእንቁላል ወር አበባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያው ነው።

ፋርማሲ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከፒያሳ እስከ ቦሌ ያልረገጥኩት የለም። አንዱ ልጅ ወረቀቱን አየና ሰው በተሞላበት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ ላረጠ ሴት ነው፤ ለእማማ ነው?» አለኝ። «አዎ ለእማማ ነው» አልኩት። ምን ላድርግ! አሁን ዱባይ ለንግድ የምትመላለስ ጓደኛዬ በሐኪሜ ማዘዣ የሦስት የሦስት ወር ታመጣልኛለች። እሷ የዘገየች ጊዜ አሥር ቀን ባዶ ቀርቼ ላቡ በስድስተኛው ቀን ከች አለ።

በስልክ ይህንን ያጫወትኳት ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ «ጣዪው! ካንሰር ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። እሷ የራሷ ታሪክ አላት። በ53 ዓመቷ ሆቴል ውስጥ እየሠራች ሙቀቱ መግቢያ ቢያሳጣት ኪኒኑን ጀምራ ነበር። በሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ16,608 ሴቶች ላይ ይካሄድ የነበረው ትልቁ ጥናት ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የደም መርጋት በጥምር ኪኒኑ ከፍ ብሎ ታየ ተባለ። አክስቴ ቴሌቪዥን እያየች ብድግ ብላ ኪኒኑን ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንሶላ ስትቀይር ከረመች። ያኔ የሰጋችው ስጋት ከንቱ ነበር አልልም። ግን እኔም ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገራችሁ፤ የጡት ካንሰሩ ጭማሪ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ገደማ ነበር፤ ሴቶቹም ሲገቡ ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው፣ በአማካይ 63 ዓመት የሞላቸው ናቸው። የ31 ዓመት ልጅ አንዲትም አልነበረችበትም! በኋላ የተደረጉ ትንተናዎችም ካረጡ ብዙ ሳይቆዩ የጀመሩትና ዘግይተው የጀመሩት እኩል እንደማይታዩ አሳይተዋል። ለአክስቴ ይህን ስነግራት ዝም አለችና «ያን ጊዜ ማን ነገረኝ?» አለች። አንጀቴን በላችው።

(ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ፕሬማሪን የተባለው የታወቀ ኪኒን የሚሠራው ካረገዘች ባዝራ ሽንት ነው፤ ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። የእኔው ከዚያ አይደለም፤ አክስቴ ግን ይህን ስትሰማ ከካንሰሩ ይልቅ በዚህ ተቆጣች።)

ሁሉ ሰው ይዋጠው ማለቴም አይደለም። አብራኝ የምትሠራ የ46 ዓመት ሴት አለች፤ ሙቀቱ ስብሰባ ላይ ሲመጣባት መቆም መቀመጥ ያቅታታል። ከዓመታት በፊት ባቷ ውስጥ ደም ረግቶባት ነበር። የእኔን ዓይተው እሷም ልትጀምር ብትጠይቅ ሐኪሟ ኪኒኑን ከለከላት፤ የሚዋጥ ኤስትሮጅን መጀመሪያ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ደም የሚያረጋውን ነገር ያበዛል፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ግን በዚህ በኩል ይሻላል አላት። የሚለጠፈውን እስካሁን ፈልጋ አላገኘችም። ጡት ካንሰር ይዟት የነበረች፣ ጉበቷን የሚያማት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳትም እንዲሁ ያለ ሐኪም አትነካውም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ባለፈው ፋሲካ የባለቤቴ እህት ሽንኩርት ልትልጥልኝ መጥታ፣ የራስ ምታት ኪኒን ፍለጋ መሳቢያዬን ትከፍታለች። 28 ፍሬ፣ ቀናቱ የተጻፈበት! ሌላ ምን ትበል? ሲመሽ አማቴ ዘንድ ወሬው ደርሷል፦ «ልጃችንን ዘር ልታሳጣው ወሊድ መከላከያ ትውጣለች!» ሽማግሌ ሊላክብኝ ሁሉ ታስቦ ነበር። ባለቤቴ ማንንም ሳያስከትል እናቱ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ነገራቸው።

አማቴ ቅዳሜ መጡ። ቡናውን አልነኩም። «ይቺ ኪኒን ልጅ ትሰጣለች?» አሉኝ። «አትሰጥም፣ እማዬ።» «ትከለክላለች?» «አትከለክልም። ሐኪሙ እንደኔ ካሉት መቶ ሴቶች ከ5 እስከ 10ሩ ሳይታሰብ ያረግዛሉ ብሎኛል።» ብዙ ቆዩ። «ሰባት ቀን ጠበል ትገቢያለሽ፤ እስከዚያ ኪኒኑን ተዪው» አሉ። ጠበሉን እገባለሁ፣ ኪኒኑን ግን አልተውም አልኳቸው፤ አማት ፊት እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብለው አዩኝና ለንስሐ አባታቸው ሊነግሩ ሄዱ። አባ «መድኃኒቱንም የፈጠረ እሱ ነው፤ ሁለቱንም ታድርግ» ብለዋቸው ኖሮ፣ እንጦጦ ጠበል ስሄድ እሽጉን በቦርሳዬ የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

ለልጃቸው ግን እስካሁን ትንፍሽ አላሉም። የባለቤቴ እህት ባገኘችኝ ቁጥር በክርኗ ጎሰም አድርጋ «ታዲያ ያቺን ኪኒን መቼ ነው የምታቆሚው?» ትለኛለች። «ሃምሳ ሲሞላኝ» እላታለሁ። በሳቅ ትፈርሳለች።