ገመና የሚባለው ነገር

በየዓመቱ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ካምፓሳችን ብርቱካናማ ይለብሳል። ሪባን ይታደላል፣ ጠረጴዛ ይወጣል፣ ከምግብ አዳራሹ ፊት ለፊት ቀይ ጫማዎች ይደረደራሉ። ዘንድሮ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከዕብራይስጡ፣ ከዐረብኛውና ከሩሲያኛው ጋር የአማርኛ ወረቀትም ስለነበረ "አንቺ አማርኛ ትችያለሽ" ተባልኩ። (በዚህ አገር አማርኛ መቻል እንደ ሙያ የሚቆጠረው እንዲህ ባለው ቀን ብቻ ነው።) አንዱን ወረቀት ወደ ቤት ወስጄ ለአያቴ አነበብኩላት። ርእሱ "በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን እንከላከል" ይላል። አያቴ ጀበናውን አስቀመጠችና፣

"ቤት ሰብሮ የገባው ማን ነው?" አለችኝ።

ሳቅኩ፤ ጥያቄዋ ግን ቀልድ አልነበረም። በእሷ አማርኛ ጥቃት ማለት ባዳ መጥቶ ሲደፍርህ ነው። ጥቃት ከውጭ ይመጣል፣ አባትና ወንድም ደግሞ ጥቃትን ለመመለስ ይነሳሉ። ባል ሚስቱን ሲመታ ሌላ ስም አለው፦ "ተጣሉ"፣ "እጁን አነሳባት"፣ "አመሉ ነው"። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገመና ይባላል። ገመና ይሸፈናል እንጂ በወረቀት ታትሞ አይታደልም። "ሚክላት" የሚለውን ቃል ስነግራትም የታያት ሳይረን ሲጮህ የምንወርድበት ምድር ቤት ነው እንጂ ከባሏ ያመለጠች ሴት ከነልጆቿ የምትጠለልበት ቤት አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቀኑ አመጣጥ ማንበብ ጀመርኩ። ፓትሪያ፣ ሚኔርቫና ማሪያ ቴሬሳ ሚራባል በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የአምባገነኑን የትሩሂዮን አገዛዝ የሚቃወሙ እህትማማቾች ነበሩ። በኖቬምበር 25፣ 1960 የታሰሩ ባሎችን ጠይቀው ሲመለሱ የአገዛዙ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው ከሾፌራቸው ጋር ደብድበው ገደሏቸው። ከዚያም አደጋ እንዲመስል መኪናውን ገደል ሰደዱት። በ1981 ቦጎታ ላይ የተሰበሰቡ የላቲን አሜሪካና የካሪቢያን ሴቶች ቀኑን መታሰቢያ አደረጉት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለመቀበል እስከ 1999 ቆየ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። እህትማማቾቹን የገደላቸው ባል አይደለም፣ መንግሥት ነው። የቦጎታዎቹ ሴቶች ግን በእስር ቤት የሚፈጸመውን ግፍና በጓዳ የሚወርደውን ዱላ አንድ ላይ አነሱት። አያቴ ከውጭና ከውስጥ ብላ የለየችውን እነሱ አልለዩትም።

ቀዮቹ ጫማዎችም ከሩቅ የመጡ ናቸው። ኤሊና ሾቬት የምትባል ሜክሲኳዊት ሠዓሊ በ2009 በሲዩዳድ ሁዋሬዝ ከተማ 33 ጥንድ ቀይ ጫማ አደባባይ ላይ ደረደረች። የገዛ እህቷ በባሏ እጅ ሞታለች። ያ ሐሳብ ከአገር አገር ተሻግሮ በዲሴምበር 4፣ 2018 ቴል አቪቭ፣ ሃቢማ አደባባይ ደረሰ። በዚያ ቀን በመላ አገሪቱ ሴቶች ሥራ አቁመው ወጡ። ለቁጣው ክብሪት የሆነው ከጥቂት ቀናት በፊት የሁለት ልጃገረዶች መገደል ነበር። አንዷ በገሊላ የምትኖር ዐረብ ናት፣ ሌላዋ በቴል አቪቭ የምትኖር የኤርትራ ስደተኞች ልጅ።

እዚህ አገር ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነው። በ1976 ማርሻ ፍሪድማን የምትባል የክኔሴት አባል ስለሚደበደቡ ሚስቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትናገር የምክር ቤቱ ሰዎች ተሳለቁባት። እሷም እንደ እናቶቻችን ኦላ ናት፣ ከአሜሪካ የመጣች። በሚቀጥለው ዓመት በአገሪቱ የመጀመሪያው የሴቶች ሚክላት ሃይፋ ላይ ተከፈተ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ራሷ ነበረች። ያኔ አብዛኞቹ ቤተሰቦቻችን ገና ጎንደር ነበሩ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለታሪክ ብዬ አይደለም። እናንተም የምታውቁት አንድ ወጥመድ ስላለ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በባሎቻቸው ከተገደሉት ሴቶች መካከል የእኛዎቹ ድርሻ ከሕዝባችን ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እጅግ የበዛ ነበር። ሴት በተገደለች ቁጥር "ባህላቸው ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ብንናገር ወገናችንን ያሰደብን ይመስለናል። ዝም ብንል ደግሞ ሌላ ሴት ትቀበራለች። ሰሚናር ላይ አንድ ተማሪ ይህንኑ "ባህላቸው ነው" ሲል ሜክሲኮን፣ ለንደንንና ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ጠራሁለት። የትኛው ባህል ነው ታዲያ? ከሌላ አገር ሴቶች ያገኘሁት ትልቁ ነገር ሪባኑ አይደለም፣ ይህ መልስ ነው። ለሚንቀን ሰው መልስ ይሆናል፤ እኛው ውስጥ "አታሰድቢን" ለሚለኝም መልስ ይሆናል።

ሌላም ማብራሪያ በክፍል ውስጥ ይደጋገማል፦ ሰውየው ርስቱንና ክብሩን አጣ፣ ሚስቱ ቋንቋውን ቀድማ ያዘች፣ ደመወዝ አገኘች፣ ስለዚህ ሚዛኑ ተዛባ። እውነትነት አለው። ግን ይቆረቁረኛል፤ ማብራሪያው ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚታዘንለት እሱ ሆኖ ይገኛል።

እኔ የማስበው ስለ አባት ቤት ነው። አያቴ እንደምትለው በእነሱ አገር የተመታች ሴት ተነስታ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ባልየው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ይወቅሱታል፣ ካሳ ይቆርጡበታል፣ ዋስ ያስጠሩታል። እሷም በአባቷ ቤት እስክትለመን ትቆያለች። ሁሉም ሴት እንዲህ ያለ አባት አልነበራትም፣ ብዙዎቹም "ቻይው" ተብለው ተመልሰዋል፤ አያቴ ራሷ ይህን አትክድም። ቢሆንም ለሽማግሌው ቃል ክብደት የሚሰጠው ከጀርባው ያለው የአባቷ ደጅና የወንድሞቿ ዓይን ነበር። እዚህ የአባት ቤት የትኛው ነው? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ፣ ወንድሞቿ ሳሎን የሚተኙባት። ሽማግሌው አብሮን መጣ፣ የአባት ቤት ግን አልመጣም። ስለዚህ ሽማግሌው የቀረው "ታረቁ" የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እሱ ብቻውን ደግሞ ሴትን ወደ ዱላው ይመልሳል።

የ1991ዱ ሕግ፣ በቤተሰብ ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል የወጣው፣ ይህን ቦታ ለመተካት የተሠራ ይመስለኛል። ፍርድ ቤት በመከላከያ ትእዛዝ ከቤት የሚያስወጣው የመታውን ነው። ትእዛዙ በመጀመሪያ እስከ ሦስት ወር ይቆያል፣ ሊራዘምም ይችላል። እሷና ልጆቿ በአልጋቸው ያድራሉ ማለት ነው። ይህን ለአያቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ "እሱን? ከገዛ ቤቱ?" አለች። ኢትዮጵያም ብትሆን እንደ ድሮዋ አይደለችም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። "በአገራችን እንዲህ አልነበረም" የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ትናንቷ አገራቸው ነው።

ወደ ኋላ የሚሄድም አለ። በ2011 ለፊርማ የቀረበው የኢስታንቡል ስምምነት ስሙን ያገኘው ከቱርክ ከተማ ነው፤ በመጀመሪያ ያጸደቀችውም ቱርክ ናት። በ2021 ከቤተሰብ እሴታችን ጋር አይሄድም ብላ ወጣች። ገመና በዲፕሎማሲ ቋንቋ ሲጻፍ እንዲህ ይመስላል።

ለማንኛውም፣ ማኅበራችን ዘንድሮ ከጠረጴዛው ሌላ አንድ ነገር አደረገ። አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ጋብዘን አንድ ምሽት አብረን ተቀመጥን። ወረቀቱን እንደ ታተመው አላነበብንላቸውም። "ባል ሚስቱን ሲደበድብ ሕጉ ምን ይላል" ብለን ጀመርን። 100 የፖሊስ፣ 118 የሪቫሃ ስልክ መሆኑን፣ ትእዛዙ እንዴት እንደሚጠየቅ አስረዳን። ቄሱ ጥቂት ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን እስከ መጨረሻው በዝምታ አዳመጡና፣

"እሺ፣ እሱ ወጣ። ማታ የት ያድራል?" አሉ።

ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። "የእሱ ማደሪያ ምን አገባን!" ያለችም ነበረች። እሳቸው አልተቆጡም።

"ልጄ፣ መኪናው ውስጥ ያደረ ሰው ሁለት ቀን ሳይበላ፣ ጠጥቶ፣ ሌሊት በሯን ያንኳኳል። እኔ የምፈራው ያንን ነው። እኔ ሄጄ ያስታረቅኳት ሴት አለች፤ አሁን የለችም።"

ማንም አልተናገረም። እኔ ስለ ቤት ኖአም ነገርኳቸው፦ የሚደበድቡ ወንዶች ከቤታቸው ወጥተው የሚያድሩበት፣ ባለሙያ እየተከታተላቸው ለወራት የሚቆዩበት ቤት ነው።

"እዚያ አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ?"

"አባባ፣ አሁኑኑ ደውዬ ልጠይቅልዎት" አልኩና ስልኬን አወጣሁ። እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ እኔ አቀረቡ።